የክዋኔ ቅርስ ከቦታው አይነጠልም፦ ከአዳማ አዳራሾች እስከ ሆራ አርሰዲ ዳርቻ

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኘው ይህች ከተማ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞችንና የሥራ ኃላፊዎችን ለግምገማ፣ ለሥልጠናና ለዕቅድ ውይይት ታስተናግዳለች። በገልማ አባ ገዳም ሆነ በሆቴሎች አዳራሽ የሚካሄዱ ጉባኤዎች በአባ ገዳዎች ምርቃት ሲከፈቱ ማየት የተለመደ ነው። አባ ገዳው ቆመው ይመርቃሉ፤ ሲንቄ የያዙ እናቶች በጎናቸው ይቆማሉ፤ ተሰብሳቢውም ለእያንዳንዱ የምርቃት ቃል "ይሁን" እያለ ይቀበላል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የዕለቱ አጀንዳ ይጀመራል።

በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ተሰብሳቢው የተመለከተው ነገር ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ "የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት" ተብሎ የሚጻፈው ይህ ክንውን የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቦታና የራሱ ትዝታ ያለው የክዋኔ ቅርስ ነው። መነሻውም አዳራሽ ሳይሆን የወንዝ መሻገሪያ፣ የሐይቅ ዳርና የዛፍ ጥላ ነው። ቅርሱን ለመጠበቅ የተነሣ ሁሉ እነዚህን ቦታዎች አብሮ የመጠበቅ ኃላፊነት እንደሚወድቅበት የሚያስገነዝበውም ይኸው እውነታ ነው።

ክዋኔ ጥበብ ምንድን ነው?

ሠዓሊ ሥራውን በሸራ ላይ፣ ቀራፂም በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ያሳርፋል። በክዋኔ ጥበብ ግን የሥራው ዋና መሣሪያ የከዋኙ የራሱ አካል ነው። ከዋኙ በአንድ በተወሰነ ቦታና ጊዜ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ይጮኻል ወይም ዝም ይላል። ድርጊቱ ሲያበቃ የሚቀረው በተመልካቹ ልቡና ያደረው ትዝታ፣ ምናልባትም ፎቶግራፍ፣ የተቀረጸ ድምፅና ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። እነዚህን የመቅረጫ መንገዶች ከአካል ክዋኔ ጋር አዋሕዶ የሚሠራው ዘርፍ ደግሞ የመልቲሚዲያ ጥበብ በመባል ይታወቃል።

በምዕራቡ ዓለም ዘርፉ በስሙ ተለይቶ የወጣው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ትውልደ ኩባዊቷ አና ሜንዲዬታ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት የራሷን የአካል ቅርጽ በአፈር፣ በሣር፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ አሳርፋለች። ቅርጹን ነፋስና ውኃ ሲያጠፋው ፎቶግራፍና ፊልም ብቻ ቀርቷል። ጀርመናዊው ጆሴፍ ቦይስ በበኩሉ በ1982 እ.ኤ.አ. በካስል ከተማ 7 ሺህ የኦክ ዛፎችን፣ በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር አንድ የባዛልት ድንጋይ እያቆመ የመትከል ሥራ ጀመረ። እሱ በ1986 እ.ኤ.አ. ቢሞትም የመጨረሻው ዛፍ በ1987 ተተክሏል። ቦይስ ችግኝ ተከላውን ራሱን የጥበብ ሥራ ብሎ ነበር የጠራው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ችግኝ ሲተክል ለቆየው ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አነጋገር እምብዛም እንግዳ አይሆንበትም።

በአገራችንም ከአካል፣ ከትዝታና ከአካባቢ ጋር የሚሠሩ የዘመኑ የጥበብ ባለሙያዎች አሉ። ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ በ2018 እ.ኤ.አ. በአፋር ክልል በዳሎል ያዘጋጀችው፣ 12 ሥራዎችን የያዘው ስብስብ የንጹሕ ውኃ እጦት በሴቶች ሕይወት ላይ የሚያስከትለውን ጫና ያሳያል። ፊታቸውና አካላቸው በቀለም የተቀባ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው በጨው ሜዳ ላይ ይታያሉ። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚያወጣቸውን ሽቦዎችና ቁርጥራጮች በመሥራት በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሲሆን፣ ከመስከረም አሰግድ ጋር በመሆን በአዲስ አበባ የገነቡት ዞማ ሙዚየም በአገሬው የጭቃ ቤት አሠራር ታንጾ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። እስክስታን ለአዲስ ትውልድና ለውጭ መድረኮች ያስተዋወቀው ተወዛዋዥ መላኩ በላይም የሚጠቀስ ነው።

ይሁን እንጂ አካልን፣ ትዝታንና አካባቢን ማገናኘት በአገራችን በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የተጀመረ ጉዳይ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ይህን በሥርዓቱ ውስጥ ሲፈጽመው ኖሯል። ፈጻሚዎቹ ድርጊቱን "ጥበብ" ብለው አይጠሩትም፤ ለእነሱ ጸሎት፣ ምስጋና ወይም ዳኝነት ነው። የክዋኔ ጥናት ምሁራንም ቢሆኑ የመድረክ ትርዒትንና ሥርዓተ አምልኮን ጎን ለጎን የሚያጠኑት ሁለቱም በአካል፣ በቦታና በጊዜ የሚፈጸሙ በመሆናቸው እንጂ አንድ ናቸው በማለት አይደለም። ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም።

ሲንቄ፦ ሕግ የሚያስከብር ክዋኔ

ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። በተለይ በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ በትሩ የጌጥ ዕቃ ሳይሆን የያዘችውን ሴት ክብርና መብት የሚያሳይ ነው። ሁለት ወገኖች ለጠብ ሲፋለሙ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ከገቡ ጠቡ መቆም አለበት። እነሱን አልፎ መምታት ነውር ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱን መጣስ ነው። በመካከል የሚቆመው ሌላ መሣሪያ ያልያዘ የሴት አካል መሆኑ የሥርዓቱን ኃይል ያሳያል።

ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም አራስ ሳለች ባሏ ቢመታት፣ ተበዳይዋ የሲንቄን ጩኸት ታሰማለች። የሰሙ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ሥራ ትተው በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካልካሰ ደግሞ መንደሩን፣ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን ትተው ወደ ወንዝ ማዶ ወይም ወደ ትልቅ ዛፍ ጥላ ይሰደዳሉ። እሳት የማይነድበት፣ ላም የማይታለብበት መንደር ለሽማግሌዎች የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ሽምግልና ይላካል፤ በዳዩ ይክሳል፤ ሴቶቹም መርቀው ይመለሳሉ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው አቴቴ ደግሞ የሴቶች የዝማሬና የጸሎት ሥርዓት ነው። ድርቅ ሲበረታ ሴቶች ሲንቄያቸውንና እርጥብ ሣር ይዘው ወደ ውኃ ዳር በመውረድ ዝናብን ይለምናሉ። በሁለቱም ሥርዓቶች ሦስት ነገሮች ተለይተው አይታዩም፦ የሴቶቹ አካል፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈው ትዝታ እንዲሁም ወንዙ፣ ዛፉና ሣሩ ናቸው።

ኢሬቻ፦ ከውኃ ዳር የሚጀምር ምስጋና

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ በተፈጠሩ ሐይቆቿ ትታወቃለች። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው እሑድ የኢሬቻ በዓል ይከበራል። የክረምቱ ጨለማ አልፎ ብራ ሲመጣ፣ የሞሉ ወንዞች ጎድለው የተለያዩ ዘመዳሞች ሲገናኙ ለፈጣሪ ለዋቃ ምስጋና የሚቀርብበት በዓል ነው። በበጋው ወራት ደግሞ ዝናብ የሚለመንበት የተራራ ላይ ኢሬቻ አለ።

የክዋኔው ቅደም ተከተል ለተመልካች ቀላል ይመስላል። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፤ ሲንቄ የያዙ እናቶች ይቀድማሉ፤ ሕዝቡ በባህላዊ አለባበስ አጊጦ እየዘመረ ወደ ውኃው ይወርዳል። እያንዳንዱ ሰው የያዘውን እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ውኃ ውስጥ ነክሮ ራሱንና በአጠገቡ ያለውን ይረጫል። ዋናው ድርጊት ይኸው ነው። በድርጊቱ ውስጥ ተመልካችና ከዋኝ የሚባል ልዩነት የለም፤ የመጣው ሁሉ ከዋኝ ነው። ሣሩ በክረምቱ ዝናብ የበቀለ፣ አበባው በመስከረም የሚፈካ፣ ውኃው የሐይቁ ውኃ መሆን አለበት። አንዳቸው ቢጎድሉ ምስጋናው የሚቀርብበት ምክንያት አብሮ ይጎድላል።

በመስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢሬቻ በዓል ከረጅም ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ በሆራ ፊንፊኔ ሲከበር አንዱ ቀዳሚ ሥራ የውኃውን ሥፍራ ማዘጋጀት ነበር። ለአንድ በዓል አደባባይና መድረክ ብቻ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ትዝታው ሐዘንንም ይይዛል

የክዋኔ ቅርስ የሚሸከመው ትዝታ የደስታ ብቻ አይደለም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በሆራ አርሰዲ በተከበረው ኢሬቻ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ከተኮሱ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ፣ በወቅቱ በመንግሥት በተገለጸው አኃዝ ብቻ ከ50 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ሣር ይዞ ወደዚያ ዳርቻ የሚወርድ ሰው ምስጋናውን የሚያቀርበው የሞቱትንም እያሰበ ነው። ቦታው ሁለቱንም ይዟል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የዩኔስኮ በይነ መንግሥታዊ ኮሚቴ የገዳ ሥርዓትን በሰው ልጆች ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። በሁለት ወራት ልዩነት የደረሱት ሁለቱ ክስተቶች አንድ ቁም ነገር ያስተምራሉ። ለቅርስ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ማስገኘት አንድ ሥራ ነው፤ ቅርሱ በሚከወንበት ሥፍራ የከዋኞቹን ደኅንነትና ነጻነት መጠበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይተካም።

ውኃው ሲለወጥ

የስምጥ ሸለቆ ውኃዎች በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከፍተኛ ለውጥ አሳይተዋል። በመተሃራ አጠገብ የሚገኘው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ተመራማሪዎች ለዚህ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል የከርሰ ምድር ውኃ ፍሰት መለወጥና ከመስኖ እርሻዎች የሚሰርገው ውኃ ይገኙበታል። ጨዋማው ውኃ የግጦሽ መሬት ውጧል፤ ዋናውን አውራ ጎዳናና ነባሩን የባቡር ሐዲድም ፈትኗል።

በአርሲ ነገሌ አቅጣጫ የሚገኘው የአብጃታ ሐይቅ ግን በተቃራኒው ሸሽቷል። መውጫ የሌለው ይህ ሐይቅ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውኃ በመስኖ ምክንያት ሲቀንስና ለሶዳ አሽ ምርት ውኃው ሲቀዳ ዳርቻው ወደ ውስጥ እየሸሸ ሰፊ የጨው ሜዳ ትቶ ሄዷል። የሞጆ ወንዝ የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻም በሆቴሎችና በመዝናኛ ሥፍራዎች ግንባታ እየተያዘ መምጣቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

የአካባቢው ሁኔታ በሰው አካል ላይ ምልክቱን እንደሚተው ደግሞ በሸለቆው የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። በወንጂ፣ በመተሃራ፣ በዝዋይ (ባቱ) እና በሌሎችም አካባቢዎች የሚገኙ በርካታ የጉድጓድ ውኃዎች የፍሎራይድ መጠናቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል። ሕፃኑ ጥርሱ በድድ ውስጥ በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውኃ ከጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ምልክቱም ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። መጠኑ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። የዘመኑ የጥበብ ሰዎች አካል የአካባቢ መዝገብ ነው ሲሉ የሚናገሩት በምሳሌ ሊሆን ይችላል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን አንድ ሰው በልጅነቱ የጠጣው የጉድጓድ ውኃ ፈገግ ሲል ይነበባል።

በመሆኑም ውኃው ሲሸሽ፣ ሲስፋፋ ወይም ሲበከል ጉዳቱ በግብርናና በጤና ዘርፍ ብቻ አይወሰንም። ሣር ነክሮ ራሱን የሚረጭ ሰው የሚነካው ውኃ ንጹሕ መሆኑ፣ ሲንቄ የያዙ እናቶች የሚሄዱበት የወንዝ ዳርና የሚያርፉበት ዛፍ መኖሩ የክዋኔው የህልውና ጥያቄ ነው።

ቀረጻ የሚይዘውና የማይዘው

የመልቲሚዲያ ቴክኖሎጂ ለቅርስ ጥበቃ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ ነው። ቀደም ሲል በባለሙያ ካሜራና በካሴት ብቻ ይቀረጽ የነበረው ዛሬ በእጅ ስልክ ይቀረጻል። የአረጋውያን ምርቃት፣ የእናቶች ዝማሬ፣ የሥርዓቱ ቅደም ተከተል በድምፅና በምስል ሊቀመጥ ይችላል። ሆኖም ቀረጻ ቦታና ቀን፣ የከዋኞች ማንነትና የቃላቱ ትርጉም ካልተመዘገበበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አይገኝም። ለሰነድ ማኅደር ሠራተኛ ይህ አዲስ ነገር አይሆንም፤ ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚያገለግል ያውቃልና።

ቀረጻ የማይዘውም ነገር አለ። የውኃው ቅዝቃዜ፣ የሣሩ ሽታ፣ ሕዝብ በአንድነት ወደ ሐይቅ ሲወርድ የሚሰማው ስሜት በፊልም አይተላለፍም። ከዚህም በላይ ክዋኔው ለካሜራና ለእንግዳ ሲባል ብቻ ሲፈጸም ትርጉሙ መሳሳት ይጀምራል። ሲንቄ ዳኝነት የምትጠይቅበት በትር መሆኗ ቀርቶ የአዳራሽ ማድመቂያ ከሆነች፣ የተበደለች ሴት ነገ ጩኸት ስታሰማ የሚወጣላት አይኖርም። ይህ ለቅርሱ ከመረሳት የማይተናነስ አደጋ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. የተቀበለችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነት ቅርስ ሲል ክዋኔውን ብቻ ሳይሆን ከክዋኔው ጋር የተያያዙ መሣሪያዎችንና ባህላዊ ሥፍራዎችንም ያካትታል። በአንቀጽ 14 ደግሞ አገሮች የማይዳሰሰው ቅርስ እንዲገለጽ የግድ የሚያስፈልጉ የተፈጥሮ ሥፍራዎችና የትዝታ ቦታዎች እንዲጠበቁ ትምህርት እንዲሰጡ ያሳስባል። የሆራ አርሰዲ ዳርቻ ከዚህ ድንጋጌ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሥፍራ ነው።

በአገር ውስጥም ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌላቸውን ቅርሶች ያካትታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 "ተጽዕኖ" ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጓሜ ውስጥ በተፈጥሮና በባህል ቅርስ ላይ የሚደርስን ለውጥ አካቷል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ከዋኞች ክዋኔያቸው እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የመንደር እናቶችንም ሆነ አባ ገዳዎችን ከመቅረጽ በፊት ፈቃዳቸውን መጠየቅ ከሕጉም ከጨዋነቱም የሚመነጭ ግዴታ ነው።

ከእነዚህ ሰነዶች መረዳት እንደሚቻለው ችግሩ የሕግ እጥረት አይደለም። ክዋኔው በባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ጠረጴዛ፣ ውኃው በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ጠረጴዛ፣ ዳርቻው ደግሞ በመሬት አስተዳደር ጠረጴዛ ላይ ተለያይተው የሚታዩ በመሆናቸው አንዱ የሚጠብቀውን ሌላው ሳያውቀው ሊያጠፋው ይችላል። የሐይቅ ዳርቻ ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት በዚያ ሥፍራ በዓመት አንድ ቀን እንኳን የሚፈጸም ሥርዓት መኖር አለመኖሩን ከአባ ገዳዎችና ከሲንቄ እናቶች መጠየቅ፣ የሥርዓት ዛፎችንና የመልካ መውረጃዎችን በከተማ ፕላን ላይ ማስፈር፣ የተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ ሲመረመር ስለ ባህል ቅርስ የተጻፈው ክፍል ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጥ ብዙ በጀት የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው።

በአዳማ አዳራሽ በአባ ገዳ ምርቃት የተከፈተ ጉባኤ ከሰዓት በኋላ በሚያጸድቀው ዕቅድ ውስጥ የአንድ ሐይቅ ዳርቻ ዕጣ ሊወሰን ይችላል። ጠዋት "ይሁን" ብሎ ምርቃቱን የተቀበለ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ ፊርማውን ሲያኖር ምርቃቱ ከየት ውኃ ዳር እንደመጣ ማስታወስ ይጠበቅበታል።